በረዶ እንዳይጥል የተሳሉት

ላንድማርክ ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳና አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተቀምጠው ይጫወታሉ።

«ሚኒሶታ ምን ትሠራ ነበር ልጄ?»

«ስኖውሞቢል ፋብሪካ ነበርኩ እማማ። በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ በረዶ የያዘው ሐይቅ ላይ እየነዳሁ ቴስት የማደርገው እኔ ነበርኩ። ሰማዩ ከምድሩ አይለይም፣ ሁሉም ነጭ ነው። የምበር ይመስለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተውከው?»

«ካምፓኒው ነዋ የተወው! በረዶው በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ፣ ገዢ ጠፋ፣ የሠራነው ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። እነሱ ወደ ሣር ማጨጃ ዞሩ፣ እኛን ሌይኦፍ ብለው ከሥራ አሰናበቱን። በመጨረሻው ዊንተር በረዶ እንዲጥል ስጸልይ ከረምኩ። ሐይቁ እንኳ በረዶ ሳይዝ ቀረ።»

«መቼ ነው እሱ?»

«አምና።»



«ሴት ልጄ እዚያው ሚኒሶታ ነርስ ናት። ሥራዋ ሩቅ ነው፣ መንዳት ትፈራለች። አምና በረዶ እንዳይጥልባት ለማርያም ተስዬ፣ ስለቴ ሠመረ። ጃንጥላ አስገባሁ።»

«ምን ዓይነት ጃንጥላ?»

«ነጭ። ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ ያለው።»

«…እንኳን ሠመረልዎ፣ እማማ።»

የመስኮቱን መስታወት በትንፋሼ ጉም አለበስኩትና ጉሙ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።