የጋሼ ነጎድጓድ ጉሮሮና ልጄ የተናገረችው ጉድለት

በጩኸት የበለጠኝ ሰው በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም የሐራጅ ሙያ ያስተማሩኝ ጋሼ ነጎድጓድ ናቸው። ጨረታ ሲከፍቱ የአዳራሹ መስኮት ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቀንማ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የሚሠራ ፀጉር አስተካካይ በድንጋጤ የደንበኛውን ቅንድብ ላጨው። ደንበኛው እኔ ነበርኩ። ለመሳደብ ሄጄ ተማሪያቸው ሆኜ ቀረሁ።

እኚህን ሰው ባለፈው ዓመት በሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ድንገት አገኘኋቸው። ልጄ እዚያ የጉሮሮ ሐኪምና ተመራማሪ ናት፤ ዓለም የሚያውቃት ናት ብል ጥቂት ብቻ ነው የምጨምረው። የረሳችውን ምሳ ዕቃ ይዤላት እየወጣሁ ነበር።

«ጋሼ! ሊታከሙ መጡ?»

«የባለቤቴን የዓይን ጠብታ ልወስድ ነው» አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ዕቃ ሲያጫርቱ ጉሮሯቸው ደማ። እሳቸው ግን እየደማ አምስት ሰዓት ጮኹበት። ከዚያ ወዲህ ሹክሹክታ ብቻ ቀራቸው።

«የሚቆጨኝ አዳራሹ አይደለም» አሉኝ። «ባለቤቴ ማየት ካቆመች ጀምሮ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነበርኩ። በዚህ ሹክሹክታ ጋዜጣ አይነበብም፤ አሁን አጠገቧ ዝም ብዬ ስቀመጥ ‹አለህ ወይ?› ትለኛለች። እጇን ካልያዝኳት መኖሬን አታውቅም።»

ክንዳቸውን ይዤ እየጎተትኩ «ልጄ ዘንድ እንግባ!» አልኩ። «ጉሮሮ ታበቅላለች እኮ! በሳምንት ውስጥ እንደ ጎረምሳ ታስጮህዎታለች!»

«አንተ ባለ ሦስት እግር ወንበር ‹ዙፋን› ስትል ስንቴ ነው ያረምኩህ? ለእኔ እንኳ አትሽጥ!»

ቢሆንም ገቡ። ልጄ በቀጭን ካሜራ ጉሮሯቸውን መረመረችና ምስሉን በስክሪን አሳየቻቸው።

«አዩ አባባ? እነዚህ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ናቸው። ሲናገሩ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ይርገበገባሉ። ይሄኛው ግን ጠባሳ ስለያዘ እንደ ደረቀ ቆዳ ተገትሯል።»

«እና የሌላ ሰው ሥጋ ልትለጥፊበት ነው ልጄ? በሰው ድምፅ ሚስቴን ብጠራት፣ ሌባ ገባ ብላ በምርኩዟ ብትለኝስ?»

ልጄ ሳቀች። «የራስዎ ነው አባባ። ከሆድዎ ትንሽ ስብ እንወስዳለን። በስቡ ውስጥ ስቴም ሴል የሚባሉ፣ ሥራቸው ገና ያልተወሰነ ሴሎች አሉ። እነሱን ለይተን በላብራቶሪ እናባዛለን፤ ከዚያ በመርፌ ጠባሳው ላይ እናስገባቸዋለን። እነሱም አጠገባቸው ላሉት ሴሎች ምልክት እየላኩ ጠባሳው እንዲለሰልስ ያግዛሉ።»

«ስቡስ ሞልቷል!» አልኩ።

ጋሼ ገላመጡኝና ወደ ልጄ ዞሩ። «እስካሁን የሰማሁት ውበቱን ነው። በእኛ አዳራሽ ዋጋ ከመጠራቱ በፊት የዕቃው ስንጥቅ፣ የጎደለው እግር፣ ሁሉም ጮክ ተብሎ ይነገራል። ጉድለቱን ንገሪኝ።»

እኔ በዓይኔ «አሳምሪው!» አልኳት። አላየችኝም፤ ወይም አይታ ተወችኝ።

«እሺ አባባ። ገና በሙከራ ላይ ያለ ሕክምና ነው። እስካሁን የወሰዱት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሰባቱ ድምፅ ተሻሻለ፤ አራቱ ምንም ለውጥ አላዩም፤ አንዷ ጉሮሮዋ አብጦ ጥቂት ቀን ተኛች። ከአሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚመጣ አናውቅም። ነጎድጓዱን አልመልስልዎትም። አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው እንዲሰማዎት ግን እሞክራለሁ። ባይፈልጉም አልቀየምም፤ ባለሙያ የሚያሠራውን የድምፅ ልምምድ በማንኛውም ጊዜ መውሰድ ይችላሉ።»

አለቀልን፣ ገዢው ሄደ አልኩ በሆዴ። ጋሼ ግን ወደ እኔ ዞረው «ይህቺን ከየት አመጣሃት? ካንተ እንኳ አልወጣችም» አሉ።

«እናቷን ነው የመሰለችው» አልኩ። ደረቴ ግን ተነፍቶ ነበር፤ የሸሚዜ ሁለት ቁልፍ ተበጥሶ መስኮቱን መታ።

«የት ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ ጋሼ።

«ከፊርማው በፊት ማንሾካሾኩን ይተዉ» አለች ልጄ። «ማሳረፊያ ይመስልዎታል፤ አውታሩን ግን ያስጨንቀዋል። ማረፍ ከፈለጉ ዝም ይበሉ፣ አለዚያ በለሰለሰ ድምፅ ይናገሩ። ጉሮሮ መጠራረጉንም በአንድ ጉንጭ ውኃ ይለውጡት።»

እኔና ጋሼ ተፋጠጥን። እኛ አጫራቾች በጨረታ መሃል እናንሾካሹካለን፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ በፊትም እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ጉሮሯችንን እናስነሳለን። ጥበብ መስሎን ስንት ዓመት ጉሮሯችንን ስንልጥ ኖረናል!

መርፌው ከገባ ከስድስት ወር በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ከበር ውጭ ሆኜ የጋሼን ድምፅ ሰማሁ። በጠጠር ላይ እንደሚጎተት ሣጥን ሻካራ ነው፣ ግን ድምፅ ነው። ስገባ ጋዜጣ ያነባሉ።

«ዘለልክ!» አሉ ባለቤታቸው ከሶፋው ላይ።

«አልዘለልኩም!»

«የሞተውን ሰው ዕድሜ ዘለልክ። ማየት ነው የተውኩት እንጂ መስማት አልተውኩም!»

«ዕድሜው ከእኔ ያንሳል፣ ለዚህ ነው!»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ድምፃችሁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ እንደ እኛ አትጀግኑበት፤ ለሐኪም አሳዩት። አዲስ ሕክምና ስትሰሙ አዲስ ስለሆነ ብቻ አትሽሹት፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ስላሞገሰው ብቻም አትሩጡለት። ጉድለቱን ጠይቁ። ጉድለቱን ሳትደብቅ የምትነግራችሁ ሐኪም ካገኛችሁ እመኗት። እንዲህ ያለችውን ደግሞ እኔ ወልጃለሁ፤ ይህንን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው።

የዚያን ቀን ባልና ሚስቱ ጋዜጣውን ትተው ከሁለት ዓመት በላይ የተጠራቀመ ክርክራቸውን ጀመሩ። እኔም ኮፍያዬን አንስቼ ሦስት ጊዜ «ደህና ዋሉ!» አልኩ። የሰማኝ የለም።