ካርድ ሊቀር ነው የተባለ ዕለት

እትዬ መርፌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ግን በሙያቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው። በማለዳ ኤቲኤም ፊት ተሰልፈው የኮታቸውን ገበር በመቀስ ሲተረትሩ፣ ባንክ የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ ደረሰች።

«እትዬ! ምን ሆነው ነው?»

«ካርዴን እንዳይጠፋ እዚህ ሰፍቼው ነበር። ካርድ ሊቀር ነው፣ ገንዘብ ሁሉ ዲጂታል ሊሆን ነው ሲል ሬዲዮው ሰማሁት። ሳይሞትብኝ የስፌት መኪና መግዣዬን ላውጣ! ስድስት ዓመት ዓይኔን ያፈሰስኩበት ነው።»

«ገንዘቡ እኮ ካርዱ ውስጥ አይደለም።»

«ታዲያ የት ነው? አንቺ ጉያ?»

«ባንክ ነዋ! ካርዱ ቁልፍ ነው። ቁልፍ ቢቀየር ጎተራው አይጎድልም። ነገ ቁልፉ ስልክዎ ይሆን ይሆናል።»

«ዲጂታሉስ?»

«እሱ... እህሉ ነው። ወረቀት የሌለው ገንዘብ።»

«ቅድም ቁልፍ አልሽ፣ አሁን እህል አልሽ፤ ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ አይጥ ትይኛለሽ! ለመሆኑ ካርድ የሚቀረው መቼ ነው?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ አላውቅም። አለቆቼም አያውቁም። ምናልባት ጎን ለጎን ይኖሩ ይሆናል። የሚቀር ከሆነም አስቀድሞ ይነገርዎታል፤ ገንዘብዎ አብሮ አይቀርም።»

የተማረ ሁሉ የገባው አይምሰላችሁ። እትዬ መርፌ ግን ከምክሩ ሁሉ ያቺ «አላውቅም» ልባቸው ገባች፤ የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይልማ።

«አሁን ግን» አለች ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የመኪና መግዣ ይዘው እንደሚሄዱ ሰልፉ ሁሉ ሰምቷል። ብር ሳያወጡ እዚያው ሱቁ ውስጥ በካርዱ ይክፈሉ።»

ዞር አሉ። ሰልፈኛው ጆሮ ብቻ ሆኗል።

«በይ ነይ ምሪኝ!» አሏት ካርዱን ከገበሩ መዝዘው፣ መቀሱን ቦርሳቸው ውስጥ እየወረወሩ።

የስፌት መኪና ሻጩ ሱቅ ገብተው ካርዱን ሰጡ፤ ምስጢር ቁጥሩን በመዳፋቸው ከልለው፣ ልጅቱንም «ዙሪ!» ብለው ነኩ። የካርድ ማንበቢያዋ ጢጥ አለች፤ ደረሰኝ ወጣ። መንገድ ላይ ቀማኛ የለ፣ የሚቆጠር ብር የለ፣ የጎደለ መልስ የለ። የአዲስ ነገር ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ያልገባውን ደግሞ አፉን ሞልቶ የጠየቀ አይከስርም።

ግራ መጋባቱስ? አልለቀቃቸውም። የመኪናውን መዘውር አንዴ አሽከርክረው ሻጩን ቀና ብለው አዩት።

«የሰጠሁህ ምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁት፤ አንተ የሰጠኸኝን ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በል አሸክመኝ!»