በሰኞ፣ በማክሰኞና በረቡዕ የተከፈለው ፓምፕ

አያ ካሣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ሲጭኑ፣ ሁለት ሱዳናውያን ሽማግሌዎች ሲጨዋወቱ ሰምተው ነበር። አንዱ፣ «እንግሊዝ ሄደ፤ ቁልፉን ተረከብን» አለ። ሌላው ከት ብሎ ስቆ አንድ ነገር መለሰለት። የመለሰውን ግን አያ ካሣ ረስተውታል።

ዛሬ እዚያው ሱዳን፣ ከባሱንዳ ወጣ ባለች የኢትዮጵያውያንና የአገሬው መንደር የውኃ ፓምፑ ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፓምፑን ያቆሙት የዕርዳታ ድርጅት ነጮች፣ ኸዋጃዎቹ፣ ለቁጥጥር እንዲመቻቸው ሰኞን ለጎንደሬ፣ ማክሰኞን ከትግራይ ለመጣው፣ ረቡዕን ለአገሬው ሱዳናዊ ብለው በመዝገብ ከፋፍለው፣ አምና ቁልፉን ለእሳቸው ሰጥተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ሰኞ ጧት መምህርት ራሕዋ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ከተፍ አለች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ካሣ? ለተማሪዎቼ አንዲት ጀሪካን ይፍቀዱልኝ።»

«እግዜር ይመስገን። የእናንተ ቀን እኮ ነገ ነው፣ ልጄ።»

«ተማሪዎቼ ከሦስቱም ወገን ናቸው። የማን ቀን ነው ልበላቸው?»

«ታዲያ ኸዋጃ የሠራውን ሥርዓት እኔ ላፍርሰው?»

«ኸዋጃው የጻፈው እኛን ለመቆጣጠር እንጂ አብረን እንድንኖር አይደለም። አዲስ ነፃ የወጡትን አገሮችስ ያደናቀፋቸው ይኸው አይደል? ባንዲራውን ቀየሩ፤ ገዢው ሕዝቡን የከፋፈለበትን መዝገብ ግን እንዳለ ወረሱት።»

«ወይ ጉድ! ለአንድ ጀሪካን አፍሪካን በሙሉ አስነሣሽብኝ!» ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ኮስተር አሉ። «አጥር ያፈረሰ ማሳውን ለከብት ሰጠ። ሁሉም ባንድ ቀን ከመጣ ይፈነካከታል።»

«እውነት ነው፤ ሳይተኩ ማፍረስ ሌላ ጥፋት ነው። ግን ፓምፑን ግራሶ የሚቀባው ማን ነው?»

«የማክሰኞዎቹ ይቀቡታል ብዬ...»

«እኛ ደግሞ የሰኞዎቹ አልን። የረቡዖቹም ሁለታችንን ይጠብቃሉ።»

አያ ካሣ ፓምፑን በቁልፉ ከፍተው እጀታውን ወደ ታች ጫኑት። እንደ አህያ አናፋ እንጂ ጠብ አላለም። አሥር ጊዜ ቢጫኑት ዝገት የመሰለ ውኃ ተንጠባጠበ። ለውኃ ከተሰለፉት ጎንደሬዎች መሐል ፍቅርአዲስ፣ «አያ ካሣ፣ ቀኑስ የኛ ነው፤ ውኃው የማን ነው?» ብትል ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ቁልፍ መረከብ የአንድ ቀን ወግ ነው፤ ግራሶ መቀባት ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አገርም ሲቆም እንዲሁ ነው። አያ ካሣ የዚያን የሰሊጡን ሽማግሌ መልስ አሁንም አላስታወሱትም፤ የሳቀበትን ምክንያት ግን የደረሱበት መሰላቸው።

«በሉ ሁዜይፋን ጥሩት» አሉ። ሁዜይፋ የአገሬው ትራክተር ነጂ ነው። «ከግራሶው ይዞ ይምጣ።»

«ቀኑ እኮ ረቡዕ አይደለም!» አለች ፍቅርአዲስ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተይኝ አንቺ! ከዛሬ ጀምሮ ወረፋው ለቀደመ ይሁን። ለትምህርት ቤቱ ግን በየጧቱ ይቀዳል፤ ልጆቹ የሁላችንም ናቸው። ዓርብ የእነሁዜይፋ፣ እሑድ የኛ ጸሎት ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንቀባዋለን። እንዲህ ከሆነ ፓምፑም ይኖራል፣ ጠቡም ይቀራል።»

«ቁልፉስ?» አለች ራሕዋ።

አያ ካሣ ማተባቸውን ዳበሱ። ቁልፉን ፈትተው ለሁዜይፋ ለአንድ ሳምንት ሊሰጡት፣ ቀጥሎ ለራሕዋ ወገን፣ ከዚያም ወደ ጎንደሬው እንዲዞር ከሰዉ ጋር ተስማሙ። ከዚያ የራሳቸውን ጀሪካን አንሥተው ከሰልፉ ጭራ ቆሙ።