ቀለም ይብዛ ወይስ ነጥብ?

በ1993 ዓ.ም. ለጊዮርጊስ በዓል ከቢቸና ሞጣ የመጡት ወይዘሮ ይርጋነሽ ከመኪና እንደወረዱ የጎረቤታቸውን ልጅ አንዷለምን ድንገት አገኙት። ሞጣ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። ጉንጩን አገላብጠው ሳሙትና ከነጠላቸው ሥር ጠርዟ የተፈታታ የሙዳይ ክዳን አወጡ።

«መነጽር የሚሸጥ ካለ አሳየኝ ልጄ። ይህን እናቴ የሰፋችውን ጥለት ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ዓይኔ ደግሞ ስፌቱን መቁጠር ተወ።»

«ታዲያ ለምን ስፌት ለሚሰፉት ሴት ተማሪዎቼ አያሳዩአቸውም እትዬ?»

«የቤት ጥለት ለሴት ልጅ ይወረሳል እንጂ ለመንገደኛ አይሰጥም!»

«ሴት ልጅ የለዎትማ።»

ክዳኗን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ያገራችን ሰው ጥበቡን ይዞ መቃብር መውረዱን እንደ ክብር ይቆጥረዋል፤ ይርጋነሽም ከዚሁ ሰው ናቸው። ቢሆንም አንዷለም ክንዳቸውን ይዞ ወደሚያስተምርበት ክፍል ሲወስዳቸው እምቢ አላሉም። ክዳኗን ስካነር ላይ ደፋት፤ ምስሏም ስክሪኑ ላይ ወጣች።

«ቀለሙስ የእናቴ አለላ ነው» አሉ ቀርበው። «ስፌቱ ግን የት ገባ? ገንፎ አደረግኸው!»

አንዷለም ሳቀ። «እትዬ፣ ሥዕሉን ለስክሪኑ የሚያቀብል አንድ ካርድ ማሽኑ ውስጥ አለ። ሜሞሪው፣ ማለትም ሥዕሉን የሚይዝበት ቦታ፣ የተወሰነ ነው። ሥዕሉ የነጥብ ክምር ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ቀለም አንዱን እንድትይዝ ካልን ሰፊ ቦታ ትወስዳለች፣ ነጥቦቹም ያንሳሉ። ከአሥራ ስድስት ብቻ ካልን ግን ነጥቡ ይበዛል።»

«ሠሪዎቹ ምነው ሰሰቱ? አያሰፉትም?»

«ቢያሰፉት ዋጋው ይንርና ለኛ ክፍል አይደርስም ነበር።»

«እንግዲያማ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሌላውን አሳየኝ።»

ቀለሙን አሥራ ስድስት አድርጎ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሳው። አሁን የክዳኗ ወይን ጠጅ ቀለም ደረቅ ቀይ ሆኗል፤ ስፌቱ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ቀለሙንማ ገደልከው!» ብለው ተቆጡ፤ ወዲያው ግን ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ግድ የለም። ቀለሙን በአፌ እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ነው መንገር የማልችለው።»

«ይነግሯቸዋል?»

«ምን ላድርግ፣ አፈር ይማረው?»

በዚያ ቀን የተወሰነው ቀላል ነገር አልነበረም። ጥለቱ ከአንዲት ሴት ጉልበት ወደ ብዙ ልጃገረዶች እጅ ይገባል፤ ሰፊዋ ብትሞት አይሞትም፤ ገበያ ወጥቶም እንጀራ ይሆናል።

ይርጋነሽ ስክሪኑ ላይ ጎልቶ የወጣውን ስፌት በጣታቸው እየቆጠሩ ሰባተኛው ዙር ላይ ቆሙ። ከጥቁሮቹ መካከል አንዲት ቢጫ ተሰክታለች።

«እናቴ... ‹አንቺን ልወልድ ምጥ ሲይዘኝ የሳትኳት አንዲት ስፌት አለች› ትለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፈልጌ አጣኋት፤ ለካ ይህች ናት።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ለልጆቹ ላርማት እትዬ?»

«እንዳትነካት! እነሱም እንዳለች ይስፏት።»