እርሳስ ያልነካው ሽቦ

(ፍኖተ ሰላም፣ ማለዳ፤ የእንስሳት ሐኪሟ ዓይናዲስ ጭቃ የለበሰ ሞተር ብስክሌቷን በአባቷ በአቶ ቸኮል የጥገና ቤት ደጃፍ አቁማ፣ የተላቀቀ ሽቦ ይዛ።)

ዓይናዲስ፦ አትንካው። መጀመሪያ እየው።

አቶ ቸኮል፦ ምኑን ልየው? ሽቦ ነው።

ዓይናዲስ፦ የቁልፉ ሽቦ ነው። ቀጥልልኝ ብዬህ ትናንት የቀጠልከው። ወደ ቆላ ስወርድ ቁልቁለቱ ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ሞተሩም መብራቱም አንድ ላይ ጥፍት አሉ። ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገባሁ። አይሱዙ ነው ጭኖ የመለሰኝ።

አቶ ቸኮል፦ ተጎዳሽ እንዴ?

ዓይናዲስ፦ እሱን ተወው። መጠቅለያውን ናስትሮ ስልጠው ውስጡ ጠብታ የብየዳ እርሳስ የለም። ሁለቱን ሽቦ ጠምዝዘህ፣ በላዩ ጠቅልለህ ሰጠኸኝ።

አቶ ቸኮል፦ አልቆብኝ ይሆናል።

ዓይናዲስ፦ የእርሳሱ ጥቅልል ከራስህ በላይ ተንጠልጥሏል፣ አባየ።

አቶ ቸኮል፦ ሰው ነኝ። ረሳሁ።

ዓይናዲስ፦ አንተ? የበየድከውን በጥርስህ ነክሰህ ሳትስብ ናስትሮ አታስነካም። ሰፈሩ «ቸኮል ሽቦ ይበላል» የሚልህ በምን ሆነና? ይኸኛውን አልነከስከውም። እንደሚላቀቅ ታውቅ ነበር።

አቶ ቸኮል፦ እናትሽ ቆላ ከተመደብሽ ወዲህ እህል አትቀምስም።

ዓይናዲስ፦ እማየማ ስንቄን ቋጥራ በር ድረስ ሸኝታኛለች። ልሸኝሽ ከጓሮ አልወጣም ያልከው አንተ ነህ።

አቶ ቸኮል፦ እዚሁ ገበያው ጋ ይላቀቃል ብዬ ነበር። ገፍተሽ ትመለሻለሽ ብዬ።

ዓይናዲስ፦ ገበያውን አለፈ። ቁልቁለቱን ጠበቀ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ አንተ ግን የፈራኸውን ራስህ ጠምዝዘህ ላክኸው።

አቶ ቸኮል፦ ከተማ ውስጥ ከብት የለም? የመደቡሽ ሰዎች አንችን ብቻ ነው የሚያውቁ?

ዓይናዲስ፦ አባሰንጋ የገባው እዚያ ነው። ከብቱ በረት ተዘግቶበት፣ ሰዉ መንገድ መንገድ እያየ ነው። መበየጃውን አቀብለኝ።

አቶ ቸኮል፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። አምጭው፣ እኔ ልበይደው።

ዓይናዲስ፦ ከእንግዲህ አንተ የነካኸው ሞተር ላይ አልቀመጥም።

አቶ ቸኮል፦ ይህንንም አልሽኝ።

ዓይናዲስ፦ አልሁህ። ፈቀቅ በል፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።

አቶ ቸኮል፦ እርሳሱን መበየጃው ላይ አታቅልጭው። ሽቦውን አግይው፣ እሱ ራሱ ይጠጣዋል።

ዓይናዲስ፦ ማን አስተማረኝና ነው የምትነግረኝ? እንካ፣ ቀዝቅዟል። ንከሰው።

አቶ ቸኮል፦ እኔ?

ዓይናዲስ፦ በቀረህ ጥርስ ሁሉ ሳበው። ከተላቀቀ እቀራለሁ። ቆላ የሚባል ስም ዳግም አላነሳብህም።

አቶ ቸኮል፦ እንዳትጸጸች።

ዓይናዲስ፦ ሳበው ነው የምልህ። አጠንክረህ።

አቶ ቸኮል፦ (ሽቦውን ነክሶ በኃይል ይስባል።)

ዓይናዲስ፦ እህስ?

አቶ ቸኮል፦ ናስትሮውን የሽቦው ልባስ ላይ አሳልፈሽ ጠቅልይው። የቆላውን ወንዝ ስትሻገሪ ውሃ ይረጭበታል።