ሳህን ላይ የተተከለችው ዋርካ

ደሴ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፤ ልብስ ሰፊው አቶ ተካልኝና ባለቤቱ ወይዘሮ የሺመቤት በሱቃቸው መስኮት ሥር፣ ዝርግ የሸክላ ሳህን ላይ በተተከለች ስንዝር በማትሞላ ዋርካ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።

የሺመቤት፦ ስልኩን ስጠኝ አልኩህ። ውብዓለም ከመደወሏ በፊት እኔው ልደውልላት።

ተካልኝ፦ ደውለሽ ምን ልትያት?

የሺመቤት፦ ዛፉ ሞተ፣ አባትሽ ተሸነፈ፣ አዳማ አንቺ ጋ መጥተን እንኖራለን። ሌላ ምን እላታለሁ?

ተካልኝ፦ ቢጫ ሆነች እንጂ አልሞተችም። ቃሌ እስከ ፋሲካ ነው። ፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

የሺመቤት፦ ዛሬ ጠዋት ብቻ አሥራ አንድ ቅጠል ጠርጌያለሁ። ለሦስት ሳምንት የሚበቃ ቅጠል ቀርቷት ነው?

ተካልኝ፦ እየቆጠርሽ ነው እንዴ የምትጠርጊው?

የሺመቤት፦ ሥራ ፈትቼ። ደንበኛ እንደሆነ ይሄን በር ከረሳው ቆየ።

ተካልኝ፦ በአንድ ኮት ምክንያት።

የሺመቤት፦ ካውያውን ኮቱ ላይ ጥለህ ወጥተህ፣ ጭሱን አይቶ የደረሰልን ጎረቤት ነው። በሳምንቱ ደግሞ ከፒያሳ ወደ ቤት መምጫው ጠፍቶህ ባለ ባጃጁ እጅህን ይዞ አስገባህ።

ተካልኝ፦ አውቀዋለሁ፤ አትድገሚብኝ። ለዚህ አይደል ልጅሽ ሱቁን ዝጋ ስትለኝ አንድ ነገር ብቻ የለመንኳት? ይችን ቦንሳይ የሚሏትን ድንክ ዛፍ እስከ ፋሲካ በራሴ እጅ ካቆየኋት ልቤ ደህና ነው፣ ሱቄም አይዘጋም። ከሞተችብኝ እቃዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ። እሺ ብላለች፤ አንቺም እሺ ብለሻል።

የሺመቤት፦ እኔማ የምትቀልድ መስሎኝ ነው። ዋርካ እኮ ስንት ሽማግሌ የሚቀመጥበት ነው። የዚች ጥላ ለጉንዳንም አይበቃ።

ተካልኝ፦ ሥራው ነው የሳበኝ። ማሳጠር፣ ማጥበብ፣ ልክ ማስያዝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ነው።

የሺመቤት፦ በክር መቁረጫ መቀስህ ስትከረክማት አይቻለሁ። እሱ ይሆናል የጎዳት።

ተካልኝ፦ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ነው የነካሁት፤ እሱንም ችግኝ ሻጯ ዘነቡ እንዳሳየችኝ። ውሃውንም እንዳለችኝ ነው። ጣትን እስከ አንጓ አፈሩ ውስጥ መክተት፤ ከደረቀ ማጠጣት፣ ከረጠበ መተው። ይኸው፣ ያጠጣሁበትን ቀን ሁሉ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ በሳሙና አስምሬያለሁ። በአምስት ሳምንት ዘጠኝ መስመር።

የሺመቤት፦ መጨረሻ ያጠጣሃት መቼ ነው?

ተካልኝ፦ ማክሰኞ።

የሺመቤት፦ በል ጣትህን ክተትና እያት።

ተካልኝ፦ ጭቃ ነው።

የሺመቤት፦ ዛሬ እኮ እሁድ ነው።

ተካልኝ፦ ሐሙስም ዓርብም ጣቴን ከትቼ ነበር፤ ርጥብ ነው ብዬ ተውኳት። ቆይ እስቲ፣ አፈሩ ይሸታል። ሥሯ በስብሷል፣ የሺ።

የሺመቤት፦ እኔ ምን አውቃለሁ።

ተካልኝ፦ ያጠጣሁትን እየረሳሁ ደግሜ አጠጥቼ ይሆን? ሳላሰምር ሳጠጣ አይተሽኛል?

የሺመቤት፦ እኔ እንጃ።

ተካልኝ፦ እንግዲያው እውነታችሁን ነው። ካውያው የአንድ ቀን ነገር ነው፣ መንገዱም የአንድ ቀን ነገር ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር። ይሄ ግን አምስት ሳምንት ነው። ውሃ ቀድቼ፣ እዚህ ድረስ አምጥቼ፣ አፍስሼ፣ አንዱም ትዝ አይለኝም። ፈራሁ። ሞትን እንኳ እንዲህ ፈርቼው አላውቅም። ነገ ስምሽ ቢጠፋኝስ?

የሺመቤት፦ እንዲህ አትበል።

ተካልኝ፦ እንኪ ስልኩን። አባትሽ ተሸንፏል በያት። የስፌት መኪናውን ለፈለጋችሁት ስጡት። መቀሷን ብቻ ተዉልኝ። አይ፣ እሷንም ውሰዷት፤ ሰው እጎዳባት ይሆናል።

የሺመቤት፦ አስቀምጠው ስልኩን።

ተካልኝ፦ አሁን አይደል ስጠኝ ያልሽው?

የሺመቤት፦ አልረሳህም።

ተካልኝ፦ ምኑን?

የሺመቤት፦ ደግመህ አላጠጣሃትም። እኔ ነኝ። ጠዋት ኪዳን ስትሄድ በሻይ ብርጭቆ አጠጣታለሁ።

ተካልኝ፦ መቼ መቼ?

የሺመቤት፦ በየቀኑ። ካመጣሃት ማግሥት ጀምሮ።

ተካልኝ፦ መስመሬን እያየሽ?

የሺመቤት፦ መስመርህን አላመንኩትማ። ከወጣህ እስክትመለስ መስኮት ላይ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፤ መንገድ ስቶ ይሆን፣ መኪና ገጭቶት ይሆን እያልኩ። ደክሞኛል፣ ተካልኝ። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ሰው በር ከፍቶልህ እኔ ተኝቼ መዋል አምሮኛል።

ተካልኝ፦ የሚካኤል ዕለት ዘነቡን ገበያ አግኝቻት ነበር። ውሃ ሲበዛ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ለባለቤትዎም በቀደም ነግሬያቸዋለሁ አለችኝ።

የሺመቤት፦ ይሄን ታስታውሳለህ?

ተካልኝ፦ አስታውሳለሁ። ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ጫፉን እኔ ነኝ ያጠፍኩላት። ሚካኤል ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው። ዘነቡ ከነገረችሽ በኋላም አጠጣሻት?

የሺመቤት፦ አጠጣኋት።

ተካልኝ፦ እንዳትሞትብኝ ነው ወይስ እንድትሞትብኝ?

የሺመቤት፦ መጀመሪያ እንዳትሞትብህ ብዬ ነበር።

ተካልኝ፦ ስልኩ እየጠራ ነው። ልጅሽ ናት፤ አንሺው። የምታነጥፊው አልጋ ለአንድ ሰው ነው፤ አባትሽ ሱቁን አይዘጋም በያት።