ከኋላ ወንበር የሚነበብ ገበያ

ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ ከበቡሽ፤ እዚህ ጋ ነፋስ የለም። ድልድዩ ዛሬ እንዴት ነበር? ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመምጣት እሑድም ይጨናነቃል አሉ። ጉልበትሽስ? ሆቴሉ አሁንም ያንን ከባድ ጋሪ ነው የሚያስገፋሽ? አይዞሽ። ሶልያናን አየሻት፣ የምረቃ ጋውኑ እንዴት እንዳማረባት? ነርስ ሆነችልን። እንግዲህ የደም ግፊታችንን የሚለካ የራሳችን ሰው አገኘን፤ እሷም ከእኛ ጋር ሥራ አትፈታም። አባቷ ደግሞ ማንንም አላስቀረም፤ የጸሎት መስመሩ ሰው በሙሉ እዚህ ነው። በስልክ ድምፁን ብቻ የማውቀውን ሁሉ ዛሬ በመልኩ አየሁት። አንዳንዱስ ድምፁ ይሻል ነበር።

ሳምቡሳ ውሰጂ እንጂ። የምስሩ ይሻላል፤ የሥጋው ዘይት በዝቶበታል።

እና... ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠውን ሰላም አልሽው? ደግ አደረግሽ። እንዴት ያለ ሱፍ ነው የለበሰው! መኪናውስ? ደጅ አቁሟታል፤ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ። ስገባ ፊቴን አየሁባት። ለካ እንዲህ አርጅቻለሁ አልኩ። ያለ እሷ ማን ይነግረኝ ነበር?

አይ፣ እኔ ሰው አላማም፤ ታውቂኛለሽ። እኔ የማወራው ምስጋና ነው። ምስጋና ደግሞ ጮክ ብሎ ቢነገርም ነውር የለውም።

ቅድም ምግብ ስናነሣ ወዳልሽኝ ነገር ልመለስ። ነገ መሪዎቹ እዚህ ዋሽንግተን ሊሰበሰቡ ነው፤ አንቺም ለነገ ጠዋት የስልክ ቀጠሮ ይዘሽ፣ የጡረታ ገንዘብሽን በሙሉ ከስቶክ፣ ከአክሲዮን ገበያው ልታወጪ ነው። ያ ባለ ጥቁር መኪናው “ውጡ” ስላለ... ጥሩ ነው። ምን ክፋት አለው? ስንት አልጋ አንጥፈሽ፣ ስንት መታጠቢያ ቤት ፈግፍገሽ እንዳጠራቀምሽው አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ ሆቴል የሚያውቀው ከበሩ መልስ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ አንቺ መስመሩ ላይ አልነበርሽም። ልንገርሽ፣ ትምህርት ይሆንሻል። ጠዋት ጠዋት ጸሎቱ ሲያልቅ፣ አሜን ካልን በኋላ፣ ስልኩን ማን ይዘጋል? የእኛ ነገር ያው ነው። እንዴት አደራችሁ፣ የእንትና እናት ተሻላቸው ወይ እያልን እንቆያለን። አንድ ጠዋት ታዲያ ገና “ተባረኩ” ሳንባባል ያ ለስላሳ ድምፅ መጣ። “ወገኖች፣ አንድ ነገር ብቻ...” አለ። ትልልቆቹ አገሮች ስለ ንግድ ሊነጋገሩ የመጡ ሰሞን ነው። እሱ ደግሞ ሥራው ሹፍርና አይደል፣ በዚያች ጥቁር መኪና እንግዶች ከደለስ ኤርፖርት አምጥቷል። “ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ፣ ሚኒስትር ነው መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቁሯል፤ መንገዱን ሙሉ ቃል አልወጣውም። ይሄ ስብሰባ አይሆንም። ማርኬቱ ሊወድቅ ነው፣ ከስቶክ ውጡ” አለን።

እኛ ምን እናውቃለን? ጌታን ለምነን ገና አፋችንን አልዘጋንም። ድምፁ የመጣው በዚያው መስመር፣ በዚያው ጆሯችን ነው። አንድ ሁለት ሰው በልማድ “አሜን” አለ። እኔም አልኩ። አሜን ብሎ እንዴት ወደኋላ ይባላል?

ለጥንቃቄ ልጄን ነህምያን ጠየቅሁት። “ዳድ፣ ዶንት ታች ኢት”፣ አትንካው አለኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። አካውንታንት ነው፤ ቁጥር እንጂ ፊት ማንበብ መቼ ተማረና አልኩ። የጡረታ ገንዘቤን ለሚይዘው ድርጅት ደወልኩ። ልጅቷ “እርግጠኛ ነዎት?” አለችኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። የሚኒስትር ፊት ጠቁሮ እርግጠኛ ያልሆንኩ መቼ ልሆን ነው?

ስብሰባው በሳቅ አለቀ። ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ማርኬቱ ተተኮሰ። እኛ ውጭ ቆመን አየነው፤ የሰርግ ቤት በር እንደተዘጋበት ሰው።

ታዲያ የሰውዬው ፊት ለምን ጠቆረ? ይሄንንም የነገረን እሱ ራሱ ነው፤ ግልጽ ሰው ነው፣ አይደብቅም። አንድ እሑድ እንግዳ ስለ መቀበል ሲመሰክር፣ “አንዱን እንግዳ ጥርሱ ገድሎት ነበር፤ ከደለስ እዚህ ድረስ ጉንጩን ይዞ መጣ። አሌክሳንድሪያ ወስጄ አስነቀልኩለት፣ ሲወጣ አቀፈኝ” አለ። ያ ሰውዬ ነው እኮ! ደግሞ ሚኒስትርም አይደለም... ፎቶ አንሺያቸው ነው። የዕድሜ ልክ ድካማችንን በአንድ ፎቶ አንሺ መንጋጋ አስይዘነው ኖሯል። ጉባኤው “ሃሌሉያ” አለ። እኔም አልኩ። የታመመ ሰው ሲድን ደስ አይልም?

ደግሞ ተምሮበታል። ሰው ካልተማረ ምኑን ሰው ሆነ? ለሁለተኛው ስብሰባ አንድ ሰው አልጫነም፤ ቫን ሙሉ ነው የጫነው። ማስረጃው በዛ ማለት ነው። ሲስቁ፣ ሲያጨበጭቡ፣ እየተቃቀፉ ሲዘፍኑ ነበር አለን። “ተስማምተዋል ወገኖች፣ አሁኑኑ ግቡ!” ገባን። በተወደደ ሰዓት፣ እየተጋፋን ገባን። ስብሰባው ምሳ ሳይበላበት ተበተነ። ማርኬቱም እኛን ሲጠብቅ ቆይቶ የወደቀ ነው የሚመስለው።

ለካ ሰዎቹ የጠባቂ ቡድን ናቸው፤ በስልክ የአገራቸውን ኳስ እያዩ ነበር። ቡድናቸው አግብቶ ነው። ይሄ የእሱ ጥፋት ነው? ሳቅ ሳቅ ነው። ቋንቋቸውን አያውቅ። ቋንቋ ሳያውቁ ማስተርጎም ስንት ሰው ይችላል? ተሰጥኦ እኮ ነው!

ግሪንቤልት ያለውን ወልደአምላክን ታውቂዋለሽ? በጸሎት መካከል የሚያንኮራፋው። “እባካችሁ ስልካችሁን ሚዩት አድርጉ” የሚባለው ለእሱ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ ውጡ ሲባልም፣ ግቡ ሲባልም። እሱም አልነቃ፣ ገንዘቡንም አልቀሰቀሰው። አሁን ጡረታ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ዳክዬ ሲያይ ይውላል። እኔ ነቅቼ የሰማሁት ግን... እዚያው ፓርኪንግ፣ ትኬት በምቆርጥባት በዚያችው መስኮት ውስጥ አለሁ። በፋሲካ ጡረታ ልወጣ ነበር። እንግዳወርቅ የሽኝት ኬክ እስከ ማዘዝ ደርሳ ነበር፤ ያቺ ባለቤቴ በሰው ፊት አታለቅስም፣ ኬኩን ስትሰርዝ ግን ስልኩን ይዛ ጓዳ ገባች። አለቃዬ “ቀረህ እንዴ?” ሲለኝ፣ ሥራው ናፍቆኝ ነው አልኩት። ምን ልበለው? ጥርስ አሞን ነው ልበለው?

ይሄ ሁሉ ግን ደግነቱን አይቀንስበትም። ደግነቱንማ በደንብ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እንድማር ብዬ፣ “የራስህንስ የት አደረግኸው?” አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “እኔ እኮ የግል ሥራ ነው ጋሼ። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉት የጡረታ ገንዘብ የለኝም። ስቶክ የሚባል ነገርም ነክቼ አላውቅ፣ ያስፈራኛል” አለኝ።

ያስፈራኛል አለ... አየሽልኝ? ያወቀውን ሁሉ ለእኛ ሰጥቶ ለራሱ ምንም አላስቀረም። በራሱ ገንዘብ እንዲህ ጠንቃቃ፣ በሰው ገንዘብ እንዲህ ጀግና። ከየት ይገኛል እንዲህ ያለ ሰው? እኔ ብሆን በራሴ ጀምሬ፣ ተሳስቼ፣ አፍሬ ዝም እል ነበር። ለዚህ ነው ፓርኪንግ የቀረሁት።

ለነገውስ ምን አየ? ጠይቀሽዋል? አንዲት ሴትዮ ከኋላ ተቀምጣ ዕንባዋን ትጠርግ ነበር... በቃ? ይሄ ነው? አሳዘነችኝ። እናቷ ታምማባት ይሆን? ነው ወይስ የአበባው ብናኝ፣ ፖለኑ? በዚህ በግንቦት፣ በዚህ አገር፣ ዓይኑ ያላነባ ማን አለ? እኔ መስኮቴ ውስጥ ከጠዋት ጀምሬ ሳነባ ነው የምውለው፤ በእኔ ዕንባ ግን አንድም አገር ከአንድም አገር አልተጣላም። አንቺስ ቅድም ስትገቢ ዓይንሽ ቀልቶ አልነበር? ምነው፣ የየትኛውን አገር ውል ቀደድሽ?

አትሳቂ። ያየናል። ይኸው እጁን አነሣልን። አንሺለት፣ አንሺለት። ሰማ እንዴ? ቢሰማስ? ሰው መልካም ስሙ ሲነሣ ቢሰማ ይከፋዋል?

ስልክሽን ለምን አወጣሽ? የነገውን ቀጠሮ ልትሰርዢው ነው? እኔ ሰርዢ አላልኩም። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው፣ ስለ ማርኬት ምን ብዬ እመክራለሁ? ነገ ይውጣ ይውረድ እኔ አላውቅም። እንዳላውቅ ግን አውቃለሁ፤ ይቺን ለመማር ብዙ ከፍዬባታለሁ። መጠየቅ ካማረሽ ሶልያና የተማረችበት ኮሌጅ ውስጥ በነጻ የሚያማክሩ አሉ ብላለች፤ ሰው አይጭኑም፣ መኪናም የላቸውም፣ በአውቶቡስ ነው የሚመጡት። እንግዲህ ጣትሽ እዚያ ላይ ከደረሰ... እኔ እጅሽን አልይዝም። አዎ። እንደሱ። አሁን ሳምቡሳሽን ብዪ።

ተነሣ ደግሞ። እንግዳ ሊቀበል ነው መሰለኝ፤ ሥራ አያጣም። በእኛ በኩል ሊያልፍ ነው። ታዲያ ሽማግሌ ሳይመርቀው እንዴት ከቤት ይወጣል? ኮፍያዬን ያዢልኝ፣ ከበቡሽ።

ጎንበስ በልልኝ ልጄ፣ እጄ ራስህ ላይ አይደርስም። ጌታ ይባርክህ። ደጅህን አይዝጋው፣ መንገድህን ያቅናልህ። ከዕድሜያችን ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ፤ እንደ ማቱሳላ አርጅ። ቃልህን ሰምተን የታዘዝን ሁላችንን፣ ከሥራ ወጥተን፣ አርፈን ቤታችን ስንቀመጥ በዓይንህ ሳታይ ጌታ አይጥራህ።